አራቱ ሰፈሮች፦ የጀርመን ረጅም ሰይፍ መሠረታዊ አቋሞች ደረጃ በደረጃ

የሰይፍ አቋም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቆሞ መጠበቅ ነው። ሰይፉን ከፍ አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ባላጋራው እስኪመጣ ድረስ እንደ ሐውልት የተገተረ ሰው። የመካከለኛው ዘመን ጀርመን ሰይፈኞች ግን ለአቋም የሰጡት ስም ሌላ ነገር ይናገራል። «ሌገር» ይሉታል፤ ማረፊያ፣ የሚተኛበት፣ ጦር የሚያድርበት ቦታ ማለት ነው። ለዚህ ልክክ የሚል ቃል እኛ ዘንድ አለ፤ ሰፈር። ዛሬ ሰፈር ስንል መንደር ቢታየንም፣ ቃሉ ሠራዊት የሰፈረበትን ቦታ ያስታውሳል፤ በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ስም የሚጠሩት የጥንት ሰፈሮችም አጀማመራቸው ይኸው ነበር። ጦር ይሰፍራል፣ ያድራል፣ ይነሳል። እዚያው ከከረመ ይከበባል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ አራቱ አቋሞች ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ከእነሱ እንዴት እንደሚነሱም እናያለን። መግባቱን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። መነሳቱ ነው ወራት የሚፈጀው።

ትምህርቱ የመጣበት መንገድ

የጀርመኑ የረጅም ሰይፍ ትምህርት አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ዮሐንስ ሊኽተናወር ሲሆን ዘመኑም 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተብሎ ይታመናል። ትምህርቱ የተላለፈው በግጥም ነው። ግጥሙም ሆን ተብሎ የተሸፈነ ነው፤ ላልተማረ ሰው ሰሙ እንጂ ወርቁ እንዳይገለጥ። ወርቁን የፈቱት ከእሱ በኋላ የመጡ መምህራን ናቸው። አንድምታ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ መጀመሪያ የግጥሙ ስንኝ ይጠቀሳል፣ ከዚያ ትርጓሜው ይዘረዘራል። ከትርጓሜዎቹ አንዱ በዚግሙንድ ሪንገክ ስም የሚታወቀው ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1452 በተጻፈና ዛሬ ሮም ውስጥ በሚገኝ የብራና ጽሑፍ ተጠብቋል። በኑርንበርግ ሙዚየም ያለው፣ 3227ኤ በሚል ቁጥር የሚጠራው ጽሑፍ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ትርጓሜ ይዟል፤ እሱን እግረ መንገዳችንን እንጠይቀዋለን። ከዚያ ብዙ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1570 ዮአኺም ማየር ስትራስቡርግ ላይ ትልቅ የሰይፍ መጽሐፍ አሳተመ።

ግጥሙ ስለ አቋም የሚለው አጭር ነው። አራት ሰፈሮችን ብቻ ያዝ፣ ከተራዎቹ ራቅ፤ ኦክስ፣ ፕፍሉግ፣ አልበር፣ ፎም ታግም አይናቅብህ ይላል። በሬ፣ ማረሻ፣ ሞኝ፣ እና «ከቀን»። አራት ብቻ።

መሣሪያና ጥንቃቄ

የዘመኑ ረጅም ሰይፍ ሰዎች እንደሚያስቡት ከባድ አይደለም። አብዛኛው ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ ከ110 እስከ 135 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በሁለት እጅ ይያዛል። የዛሬ ሰልጣኞች የሚጠቀሙበት «ፌደር» የሚባለው የልምምድ ሰይፍ ስለቱ የደነዘ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ወይም የሰፋ፣ ሲወጉበት የሚለመጥ ነው።

ለመጀመሪያው ወር ግን ብረት አያስፈልጋችሁም። 120 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ሽመል ወይም የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ አድርጉበት። ከአንዱ ጫፍ 25 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በፕላስተር ጠቅልሉ፤ እጀታችሁ እሱ ነው። ከዚያ ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ በአንድ ወገን ብቻ በቀለም መስመር አስምሩ። ድቡልቡል እንጨት ስለት ስለሌለው፣ በየትኛው ወገን እየመታችሁ እንደሆነ የሚነግራችሁ ይህ መስመር ነው። እኔ ያለ መስመር ሁለት ወር ተለማምጄ ፌደር ስይዝ ግማሹ ምቴ በጠፍጣፋው ጎን እንደነበር አወቅሁ። ሁለቱን ወር እንደገና ጀመርኩ።

ብቻችሁን ስትለማመዱ ከጣሪያ መብራት፣ ከመስኮትና ከሕፃናት ራቁ። ከሰው ጋር ስትለማመዱ፣ እንጨትም ቢሆን፣ ለሰይፍ ስፖርት የተሠራ የፊት ጭንብል፣ የጉሮሮ መከላከያና ወፍራም ጓንት ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ። ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ጣቶች ናቸው። ተራ የሥራ ጓንት ጣትን ከብረት አያድንም።

ሰይፉን ማወቅ

አራት ስሞችን ያዙ። ከእጀታው ፊት የተጋደመው ብረት መስቀለኛው ነው። ከእጀታው ጫፍ ያለው ድቡልቡል ብረት ጉልላቱ ነው። ሰይፉን ከፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙ ወደ ባላጋራችሁ የሚያየው ስለት ረጅሙ ስለት ይባላል፤ ወደ እናንተ የሚያየው አጭሩ ስለት። በርዝመት ልዩነት የላቸውም፤ ስማቸው ነው እንጂ። ከመስቀለኛው እስከ መሐል ያለው የሰይፉ ክፍል ጠንካራው፣ ከመሐል እስከ ጫፍ ያለው ደካማው ነው። ሰይፍ ከሰይፍ ሲጋጠም በጠንካራው የያዘ የባላጋራውን ሰይፍ ገፍቶ ይጥለዋል፤ በደካማው የያዘ ግን ቢገፋም ከቦታው አይነቀንቀውም።

እጅና እግር

ቀኝ እጃችሁ ከመስቀለኛው ሥር፣ ግራ እጃችሁ ጉልላቱ ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይያዝ። ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም ገልብጡት። ቀኝ እጅ አቅጣጫ ይሰጣል፤ ግራ እጅ እንደ መዘውር ይገፋል፣ ይስባል። ሁለቱን አጣብቆ መያዝ የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው፤ መዘውሩን ይገድለዋል። አያያዙ ጠፍሮ እንደ መዶሻ ሳይሆን የእንግዳን እጅ እንደመጨበጥ ይሁን፤ ጠበቅ ያለ፣ የማያደቅቅ።

እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። የፊተኛው ጣቶች ባላጋራን ያያሉ፣ የኋለኛው ወደ ውጭ ገደማ 45 ዲግሪ ይዞራል። ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ሁለቱ እግሮች በአንድ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው እንዳይሰለፉ ተጠንቀቁ፤ ከጎን ትንሽ ገፋ ቢያደርጓችሁ ትወድቃላችሁ።

አሁን ዋናው ሕግ። ከቀኝ ወገን ስትመቱ ቀኝ እግራችሁ ምቱን ተከትሎ ይራመድ፤ ከግራ ስትመቱ ግራው። ትርጓሜዎቹ ይህንን ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ውስጥ ያስቀምጡታል፤ እግሩ ካልተከተለ ምቱ አጭርና ሐሰተኛ ይሆናል ይላሉ። አቋሞቹን ለመረዳት ቁልፉም ይኸው ነው። ሰይፉ በቀኝ ሲሆን ግራ እግር ከፊት የሚሆነው ለውበት አይደለም፤ ቀኝ እግር ከኋላ ሆኖ ለእርምጃ እንዲጠብቅ ነው። ሰውነታችሁ እንደ ተሳበ ቀስት ይሆናል። ቀኝ እግራችሁን አስቀድማችሁ ከቀኝ ከመታችሁ ግን ቀስቱን ሳትስቡ ፍላጻውን መልቀቃችሁ ነው።

ፎም ታግ፦ ከላይ የሚወርደው

«ታግ» ቀን ማለት ነው። ስሙን «ከጣሪያ» ብለው የሚያነቡትም አሉ። ሁለቱም ወደ ላይ ያሳያሉ። መጀመሪያ እሱን የማስተምረው ሰውነት ከሁሉ ቶሎ የሚቀበለው እሱን ስለሆነ ነው፤ እንጨት የፈለጠ ሰው ግማሹን ያውቀዋል።

1. ግራ እግራችሁን አስቀድሙ።
2. እጀታውን በቀኝ ትከሻችሁ ፊት ያዙ፤ ቀኝ እጃችሁ በትከሻ ቁመት፣ ግራ እጃችሁ ከደረታችሁ ፊት ይሁን።
3. የሰይፉ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ያዘንብል፤ ረጅሙ ስለት፣ ማለትም የቀለሙ መስመር፣ ወደ ባላጋራ ይይ።
4. ክርኖቻችሁን ጣሉ። የቀኝ ክርን እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ጎን ከወጣ ባላጋራ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።
5. ትንፋሻችሁን አውጡ፤ ትከሻችሁ ከጆሮ ይራቅ።

ትርጓሜዎቹ ሌላ ዓይነትም ይፈቅዳሉ፤ እጆችን ዘርግቶ ሰይፉን ከራስ በላይ መያዝ። ይኸኛው ኃይለኛ ነው፣ ያደክማልም። ሞክሩት፤ በክንዶቻችሁ መካከል ባላጋራን ማየት ካልቻላችሁ እጃችሁ ዝቅ ብሏል። በማየር መጽሐፍ ውስጥ ታግ የሚባለው ይህ ከራስ በላይ ያለው ነው። ሰይፉ በቀኝ ትከሻ ላይ ሆኖ ስለቱ ከጀርባ የሚንጠለጠልበትን እሱ «ጾርንሁት»፣ የቁጣ ጥበቃ፣ ብሎ ለብቻው ይቆጥረዋል። መጽሐፍ ሲቀየር ስም እንደሚቀየር ከአሁኑ ልመዱ።

መነሳቱ እንዲህ ነው። ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ጉልበት የሚያልፍ ሰያፍ መስመር በሐሳባችሁ አስምሩ። መጀመሪያ እጆች ወደፊት ይሂዱ፣ ቀጥሎ ሰውነት ይከተል፣ መጨረሻ ቀኝ እግር ይረፍ። እግር ከቀደመ ራሳችሁን ያለ ሰይፍ ለባላጋራ አቀረባችሁ ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለማስተካከል እኔ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ሲደክመኝ ይጠፋብኛል።

ኦክስ፦ ቀንዱን የሰበቀ በሬ

በሬ ሊወጋ ሲል ራሱን ዝቅ አድርጎ ቀንዱን ወደፊት ይሰብቃል። ሰይፉ ቀንድ ነው፣ እጆቻችሁ የቀንዱ ሥር። ይህን ሥዕል ከያዛችሁ ግማሹን ስሕተት አትሠሩም፤ ቀንድ ከጆሮ ኋላ አይበቅልምና።

ከፎም ታግ ጀምሩ። ግራ እግር ባለበት ከፊት ይሁን። እጆቻችሁን ወደ ራስ ቁመት አንሱ፤ እጀታው ከራሳችሁ በቀኝ በኩል፣ ከግንባራችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቁም። ከዚያ የሰይፉን ጫፍ ወደፊት አውርዱትና ወደ ባላጋራ ፊት እንዲንጠለጠል አድርጉ። ጫፉ ከእጆቻችሁ ዝቅ ይላል። አውራ ጣትን ከሰይፉ ጠፍጣፋ ገጽ በታች ማስገባት ብዙ ሰልጣኞች የሚወዱት አያያዝ ነው፤ ጫፉ እንዳይወዛወዝ ይደግፋል።

ግራው ኦክስ የዚህ መስታወት ነው፤ ቀኝ እግር ከፊት፣ እጀታው ከራስ በግራ በኩል፣ ጫፉ እንደገና ወደ ፊት። መጀመሪያ የታሰራችሁ ይመስላችኋል። ልክ ነው፤ ለሳምንት ያህል እንዲሁ ይሰማል።

የምትፈትሹት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እጆቻችሁ ከፊታችሁ ይቅደሙ እንጂ ከጆሮ ኋላ አይቅሩ፤ ትርጓሜው «ከራስ ፊት» ነው የሚለው። እጅ ወደ ኋላ ከቀረ መስቀለኛው ራሳችሁን አይጋርድም፣ መውጋትም ረጅም መንገድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጫፉ ሰማይ አይይ። ሦስተኛ፣ በክንዳችሁ ዓይናችሁን አትሸፍኑ። መስታወት ፊት ቆማችሁ የሰይፉ ጫፍ ድቡልቡል ነጥብ ሆኖ ከታያችሁ አነጣጥራችኋል፤ የሰይፉ ርዝመት ከታያችሁ ሌላ ሰው ላይ ነው ያነጣጠራችሁት።

ከኦክስ የሚነሳው ዋናው ነገር ውግ ነው። እጆች ይዘረጋሉ፣ የኋላ እግር ይከተላል። ኦክስ ላይ ያለ ሰው እጁን ብቻ ቢዘረጋ እንኳ ጫፉ አደገኛ ስለሆነ ባላጋራ ዘሎ አይገባም። ትርጓሜዎቹ ከኦክስ ሁለት «የላይ ተንጠልጣይ»፣ ከፕፍሉግ ሁለት «የታች ተንጠልጣይ» እንደሚወጡ ያስተምራሉ፤ ሰይፎች ተጋጥመው ሲጠባበቁ ሰይፈኛው የሚሠራው በእነዚህ አራት ቦታዎች መካከል እየተዘዋወረ ነው።

ፕፍሉግ፦ ማረሻው

ግራ እግር ከፊት። እጀታው በቀኝ ወገን፣ ከዳሌ አጠገብ፣ ከጉልበት በላይ። ጫፉ ወደ ባላጋራ ፊት ያይ። ግራው ፕፍሉግ በተቃራኒው፤ ቀኝ እግር ከፊት፣ እጀታው በግራ ዳሌ አጠገብ። ጉልላቱን ከዳሌ ጋር አታጣብቁት፤ የአንድ ጭብጥ ክፍተት ይኑር። ጫፉ ወደ ወገብ ከወረደ ማስፈራቱ ይቀራል።

ስሙ ለእኛ ጥያቄ ያስነሳል። ሞፈርና ቀንበር አይቶ ያደገ ሰው ይህን አቋም ሲያይ እርፉን ያገኘዋል፤ እጀታው ዳሌ አጠገብ እርፍ እንደያዘ ገበሬ ነው። ግን ማረሻው የታለ? ማረሻ አፈር ይወጋል እንጂ ሽቅብ አያይም። እዚህ ላይ ነው ያ የኑርንበርጉ ጽሑፍ የሚገርመው። እሱ ፕፍሉግን ሲተረጉም ጫፉ ከፊት ወይም ከጎን መሬት ላይ የሚያርፍበት አቋም ነው ይላል። ጫፉ ሽቅብ የሚያይበትን የታች ተንጠልጣይ ደግሞ አልበር ይለዋል። ሁለቱ ስሞች ቦታ ተቀያይረዋል ማለት ነው። ለገበሬ ዓይን የኑርንበርጉ ማረሻ የበለጠ ማረሻ ይመስላል። እኔም ወደዚያ አዳላለሁ። ግን የቀሩት ትርጓሜዎች በአንድ ቃል የሚስማሙት በሌላኛው ነው፤ የልምምድ ቡድኖችም የሚያስተምሩት እሱን ነው። ስለዚህ እዚህም የያዝነው የብዙዎቹን ነው። ማየር ደግሞ እግሩን ገልብጦ ለቀኙ ፕፍሉግ ቀኝ እግርን ያስቀድማል። አንድ ሰው «ተሳስተሃል» ቢላችሁ መጀመሪያ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተማረ ጠይቁት።

ከፕፍሉግ መውጋት ይቻላል፤ ከታች ወደ ላይ መምታትም ይቻላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የባላጋራን ውግ ወይም ምት በጠንካራው ክፍል እያዞሩ ጫፉን ሳያነሱ መግባት ነው። መከላከሉና መውጋቱ አንድ እንቅስቃሴ ይሆናሉ። ይህ ከሰው ጋር ካልሆነ አይለመድም።

አልበር፦ ሞኙ

ቀኝ እግር ከፊት። ክንዶች ወደፊትና ወደ ታች ይዘርጉ። ጫፉ መሬቱን ይመልከት፤ አጭሩ ስለት ወደ ላይ፣ ረጅሙ ወደ ታች። ሰውነቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ደረት። አልበር ማለት ሞኝ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ «ይህ ምኑ አቋም ነው?» ይላል።

ሞኝ መስሎ መቆም እንጂ ሞኝ መሆን አይደለም። በሩን ሆን ብላችሁ ስትከፍቱ ባላጋራ በየት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፤ በላይ ነው የሚመጣው። እሱ ሲመጣ ሁለት ምርጫ አላችሁ። በአጭሩ ስለት ሽቅብ አንስታችሁ ሰይፉን ወደ ጎን መጣል፤ ወይም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ምቱን በባዶ ማሳለፍና ሰይፉ ሲወርድ ተከትላችሁ መግባት። ሁለተኛው ብዙ ድፍረትና ትክክለኛ ርቀት ይጠይቃል። ርቀቱን ካልለመዳችሁ አልበር በእውነት ሞኝነት ነው።

ደካማ ጎኑን የሚያሳይ አንድ ስሌት አለ። ክንድ 60፣ የሰይፉ ስለት 100 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከትከሻ የሚለካው ጠቅላላ ድርሻችሁ 160 ነው። በትከሻ ቁመት ቀጥ ብላችሁ ስትዘረጉ 160ውን በሙሉ ታገኛላችሁ። ከትከሻችሁ 90 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ጉልበት፣ ለመንካት ስትዘረጉ ግን ሰይፉ ያዘቀዝቃል፤ ወደፊት የምትደርሱት 132 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ28 ሴንቲ ሜትር ተቀድማችኋል። ከላይ የሚመታ ከታች የሚመታውን ይቀድመዋል የሚለው የትርጓሜዎቹ ትምህርት ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ ከአልበር ተነስታችሁ እግር ለመምታት አታስቡ፤ ስትጎነበሱ ራሳችሁን ትሰጣላችሁ።

እያንዳንዱን የሚሰብረው

አቋም ሁሉ ሰባሪ አለው። ግጥሙ አራት ምቶችን ለአራት አቋሞች ያድላል፤ ምቶቹን መማር የሌላ ጊዜ ሥራ ቢሆንም ማን ማንን እንደሚሰብር ማወቅ ግን አሁን ይጠቅማችኋል፤ ለምን እንደሚሰበር ሲገባችሁ የአቋሙ ክፍተት ይታያችኋል።

ኦክስን «ክሩምፕሃው»፣ ጠማማው ምት፣ ይሰብረዋል፤ መቺው ወደ ጎን ዘልሎ በተሻገሩ ክንዶች ጫፉን በእጆቻችሁ ላይ ይጥላል። ከራስ ፊት ከፍ ያሉ እጆች ለዚህ ቅርብ ናቸው። ፎም ታግን «ጽቬርኽሃው» ይሰብረዋል፤ አግድም በራስ ቁመት የሚመጣ ምት ነው፣ መስቀለኛው ከላይ የሚወርደውን እየጋረደ ስለቱ ወደ ራስ ይሄዳል። ፕፍሉግን «ሺልሃው» ይሰብረዋል፤ በአጭሩ ስለት ከላይ ሰይፋችሁን ተጭኖ ጫፉን ወደ ትከሻ ወይም ደረት የሚልክ። አልበርን «ሻይተልሃው» ይሰብረዋል፤ እጅን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ አናት የሚወርድ። ቅድም ያየነው ስሌት እዚህ ሥራ ላይ ይውላል።

የኑርንበርጉ ጽሑፍ ከዚህ አንድ ነገር ይደመድማል፦ ሊኽተናወር አቋምን ያን ያህል ከፍ አድርጎ አያይም፤ የሚፈልገው ቀዳሚውን ምት የሚወስድ ሰው ነው። ስለ ሌገር ስም መጀመሪያ ያልነውም ይኸው ነው።

የአራት ሳምንት ልምምድ

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ክንድ ይደክማል፤ የደከመ ክንድ የሚለምደው ስሕተትን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አራቱን በቀኝ ወገን ብቻ ቁሙ። በእያንዳንዱ ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆዩ እንጂ አትክረሙ። መስታወት ከሌላችሁ ስልካችሁን በደረት ቁመት አስቀምጣችሁ ራሳችሁን ቅረጹ፤ ክርን፣ ጫፍ፣ የኋላ እግር፣ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

በሁለተኛው ሳምንት ግራውን ጨምሩ፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከእርምጃ ጋር አድርጉት። ቀኝ ኦክስ ላይ ሆናችሁ ቀኝ እግራችሁን ስታሳልፉ ሰይፉ ወደ ግራ ኦክስ ይዞራል፤ ጫፉ ግን በጠቅላላ ዙሩ ከአንድ ነጥብ አይነሳ። ግድግዳ ላይ ሳንቲም የሚያህል ወረቀት ለጥፋችሁ ጫፉን እሱ ላይ አቆዩት። ፕፍሉግንም እንዲሁ።

ሦስተኛው ሳምንት የመነሳት ሳምንት ነው። ከፎም ታግ በቀኝ እርምጃ ምቱ፤ ምቱ መሐል መንገድ ላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ ጫፉ ወደፊት ሲያይ፣ ለቅጽበት አቁሙት። ይህ ቦታ «ላንግኦርት»፣ ረጅሙ ጫፍ፣ ይባላል። ከዚያ ምቱን ጨርሱት፣ አልበር ላይ ይወርዳል። ከአልበር ወደ ግራ ፕፍሉግ ሰብስቡት። ከግራ ፕፍሉግ ግራ እግራችሁን እያራመዳችሁ ከታች ወደ ላይ ምቱ፤ ሰይፉ ቀኝ ኦክስ ላይ ያርፋል። ቀኝ እግራችሁን እያስከተላችሁ ውጉ፣ ግራ እግራችሁን አስቀድማችሁ ወደ ፎም ታግ ተመለሱ። አንድ ዙር ይኸው ነው። አሥር ዙር በቀስታ፣ ሦስት ዙር በፍጥነት። ምት ሁሉ ከአንድ ሰፈር ተነስቶ ሌላ ሰፈር ላይ እንደሚያድር ታስተውላላችሁ። ምታችሁ ስም የሌለው ቦታ ላይ ካቆመ፣ ወይ እግር ቀርቷል ወይ እጅ ቀድሟል።

በአራተኛው ሳምንት ሰው ፈልጉ። ጭንብልና ጓንት አድርጋችሁ፣ ሰይፍ ከሰይፍ በማይደርስበት ርቀት ቁሙ። አንዱ አቋም ይይዛል፤ ሌላው ክፍቱን ቦታ በቃል ይጥራ፦ «እጅ»፣ «አናት»፣ «ግራ ትከሻ»። የያዘው ሰው ጥሪውን እንደሰማ ያንን ቦታ ወደሚዘጋ አቋም ይለፍ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተቀያየሩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ተቀራርባችሁ፣ አሁንም ሳትማቱ፣ ያንኑ ድገሙት። በዚያች አንድ እርምጃ ልዩነት ጥሪው ከአፍ ሳይወጣ እጃችሁ ሲንቀሳቀስ ታገኙታላችሁ፤ ጓደኛችሁ «አናት» ለማለት አፉን ሲከፍት እናንተ ከአልበር ተነስታችኋል።